ጠብታውን አላዋጣም ያለው ባለጸጋ

አንድ ባለጸጋ ነበረ። ሀብቱ ማርና እህል፣ ኩራቱ ግን ማዕዱ ነበር።

ቆዪ ልጄ፣ አትቸኩዪብኝ። የጠየቅሽኝን በደንብ ሰምቻለሁ። «የዓይን ሆስፒታሉ ለብሌኔ በሽታ የሚሞከር አዲስ መድኃኒት አለ፣ ትገቢያለሽ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ጎረቤቶቼ መሞከሪያ ሊያደርጉሽ ነው ይሉኛል። ደግሞም መድኃኒት የሌለበት ባዶው ሊደርሰኝ ይችላል። ታዲያ ምን አተርፋለሁ?» ነው ያልሽኝ። መልሱ ያለው እዚህ ባለጸጋ ቤት ስለሆነ ነው ወደዚያ የምወስድሽ። መንገድ ላይ ትንሽ ብቀባባ አትቆጪኝ። ሳልቀባባ ተናግሬ ሰው አምኖኝ አያውቅም።

የሰውየው የምግብ ዳስ ርዝመቱ ይህን ያህል ነበር፦ ከወዲህ ጫፍ እየፈላ የተነሣ ወጥ ወዲያኛው ጫፍ ሲደርስ ቀዝቅዞ፣ እንደገና ተሙቆ፣ እንደገና ቀዝቅዞ ነበር። ወደ ግቢው የገባች ዝንብ ስትወጣ መብረር አቅቷት በእግሯ ነበር የምትሄደው። ውሸት ነው የሚል ካለ ምስክር እጠራለሁ፤ ሁሉም ሞተዋል እንጂ።

አንድ ልማድ ነበረው። እንጀራው ቀርቦ፣ ካህኑ ባርኮ፣ ሰው ሁሉ እጁን ታጥቦ ሲያበቃ፣ ባለጸጋው ይነሣና ወደ በሩ ዘወር ብሎ «የቀረ አለ?» ይላል። «የለም፣ ሁሉም ገብቷል» እስኪሉት ድረስ የሚቆርስ እጅ አልነበረም። አንድ ቀን ከኮረብታው ማዶ አንድ ነጋዴ በቅሎው አንክሳበት ሲንፏቀቅ ታየ። «ይጠበቅ» አለ ባለጸጋው። ተጠበቀ። ነጋዴው ደርሶ እጁን ሲታጠብ ወጡ ላይ የረጋው ቅባት ሰው ያስኬድ ነበር። ቢሆንም አንድም ሰው አላጉረመረመም፤ በዚያ ቤት ሰው ሳይገባ መብላት ነውር እንደሆነ ድመቶቹም ያውቁ ነበር። ባለጸጋው «ብቻውን የበላ» ከሚባል ቢሞት ይመርጣል።

በዚህ ሰው ዓይን ላይ በሽታ ገባ። በሽታው የዓይንን ብሌን፣ ያንን ከፊት ያለውን መስታወት መሰል ነገር፣ የሚያደበዝዝ ነበር። መጀመሪያ የያዘው ቀኙን ነው። ያን ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። «ሞራ ነው» አሉት። «ሞራ ደግሞ ሳይበስል አይገፈፍም፤ ታገሥ፣ ይብሰል።» እሱም እንደ ሙዝ አስቀምጦ ይጠብቀው ጀመር። ነገሩ ግን ሞራ አልነበረም። ሞራ ከውስጥ ነው፤ የሱ ሕመም ከፊት፣ ብሌኑ ላይ ነበር። ብሌን በመጠበቅ አይበስልም፤ ይጠፋል። ቀኝ ዓይኑ ጠባሳ ለብሶ እንደ እንቁላል ነጣ። በሽታው ይህን ሲጨርስ ወደ ግራው ተሻገረ።

ሰውየው ግን አላምን አለ። ዓይኔ ደኅና ነው ይላል። አንድ ቀን አጥሩ ላይ የተደገፈ የገብስ ጆንያ አይቶ «ግቡ እንጂ፣ ምነው ደጅ ቆማችሁ?» አለው። ጆንያው አልመለሰም። «ምን አስቀየምኳችሁ? እባካችሁ ግቡ።» ጆንያው አሁንም ዝም። ባለጸጋው ተከፍቶ ወደ ቤት ገባና ለሚስቱ «እንግዳ አኩርፎብናል» አላት።

ሚስቱ ወጥታ አየች። ተመልሳ ነጠላዋን አደረገች።

«አንተ ሰው» አለችው፣ «ጆንያ ምሳ ጠርተሃል። በሬውን ደግሞ አጎቴ ብለህ ሳትስመው ሐኪም ቤት እንሂድ።»

ሄዱ። የዓይን ሆስፒታሉ ትልቅ ከተማ ላይ ነበር። ያየችው ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። ዓይኑን በመብራቷ ረጅም ጊዜ አየችና ወንበሯን ወደሱ አስጠግታ ተቀመጠች።

«ቀኙ አልፎበታል፣ አባቴ። ሌላ ሰው ከሞተ በኋላ በሚለግሰው ብሌን ካልተተካ በቀር አይመለስም፤ እሱም ወረፋው ረጅም ነው። ግራው ግን አልመሸበትም።»

«ግራው ይበቃኛል። የሰው ፊት ከለየሁበት ሌላ አልፈልግም።»

«ለግራው እስከዛሬ የምናውቀውን መድኃኒት እንሰጥዎታለን። ይህ የማይቀር ነው። ከዚያ በላይ አንድ አዲስ ጠብታ አለ። ይረዳል ብለን እናስባለን፤ እርግጠኞች ግን አይደለንም። ለዚህ ነው የምንሞክረው። ፈቃድዎ ከሆነ ይገባሉ። ካልሆነም ሕክምናዎ አይጎድልም። ገብተው ሳይስማማዎት ቢቀር በፈለጉ ቀን ይወጣሉ፤ ማንም አይቀየምዎትም።»

«ገብቻለሁ። አዲሱን አምጪው።»

«አዲሱን ነው የምሰጥዎት ማለት አልችልም። በዕጣ ነው። ግማሹ ሰው አዲሱን ያገኛል። ግማሹ ደግሞ መልኩም ጠርሙሱም እሱን የሚመስል፣ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ጠብታ ያገኛል። መርዳቱ ከታወቀ ባዶው ለደረሰውም አዲሱ ይሰጠዋል።»

ባለጸጋው ወደሷ ጎንበስ አለ። «እሺ፣ እንግዲያው የኔ የትኛው እንደሆነ በጆሮዬ ንገሪኝ። ለማንም አልናገርም።»

«እኔም አላውቅም።»

«ሐኪሟ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እንዳላውቅ ተብሎ ነው፣ አባቴ። ካወቅሁ አዲሱን ለያዘው ሰው ሳይታወቀኝ አደላለሁ፤ ያልዳነውን ድኗል እላለሁ።»

ይህን ወደደላት። ለወንድሙ የማያደላ ዳኛ ይወድ ነበር። ቀጥላ ያለችው ግን ከመቀመጫው አስነሣው።

«አንድ ነገር ልለምንዎት። ይህ ጠብታ የእርስዎ ብቻ ነው። ለማንም አይስጡ፤ ከማንም አይቀበሉ።»

«ለማንም አትስጥ?» አለ ባለጸጋው፣ ድምፁ ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የያዙትን እያስነሣ። «እኔን? ይህን እናቴም ብላኝ አታውቅም። ጠላት ነው ለሰው እንዲህ የሚመክር።»

«አደራ ብያለሁ፣ አባቴ።»

አደራ የሚለው ቃል እንዲህ ያለውን ሰው ከገመድ አጥብቆ ያስረዋል። ተቀመጠ። እያጉረመረመ ፈረመ። ጠብታውን ተቀብሎ፣ ሰው እንዳያይበት የሚያፍርበትን ነገር እንደሚደብቅ፣ ከጋቢው ሥር ሸጎጠው።

ከሩቅ የመጡት ታማሚዎች የሚያርፉት በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ በነበረ ረጅም ቤት ነው። ሐኪሟ በየጊዜው እየጠራች ዓይናቸውን ታያለች፤ የባሰበት እንዳለ ትመረምራለች። እነሱ ደግሞ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ከመሀላቸው ሦስቱን ልንገርሽ። አንዷ ጠጅ ጣይ ነበረች፤ ድምፅዋ ከፍ ሲል የሆስፒታሉ መስኮት ይንቀጠቀጣል። አንዱ ጋሪ ነጂ ነበር፤ የሰው ስም ሳይሆን የፈረሱን ስም ነበር ሲተኛ የሚጠራው። አንዷ ዝም ያለች ባልቴት ነበረች፤ ጠጅ ጣይዋ አጠገብ ነበር የምትተኛው።

ሁሉም የያዙት ጠብታ አዲሱ እንደሆነ እርግጠኛ ነበሩ።

«የኔው ያቃጥላል» ይላል ጋሪ ነጂው። «ውኃ እንዲህ አያቃጥልም።»

«የአንተ የሚያቃጥለው ፊትህን ስለማትታጠብ ነው» ትለዋለች ጠጅ ጣይዋ። «የኔው ግን ሲገባ ይቀዘቅዛል። መድኃኒት ማለት የሚቀዘቅዝ ነው።»

ባለጸጋው ደግሞ ጢሙን እየጠመዘዘ፣ «አትድከሙ፤ እንደኔ ያለ ሰው ባዶ ደርሶት አያውቅም» ይላል። ጢሙ እንዲህ በቀላሉ የሚጠመዘዝ አልነበረም፤ ወፍ ጎጆ ሠርታ ጫጩቶቿን ያሳደገችበት ጢም ነው። እንዲህ እየተሟገቱ ሳምንታት አለፉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቡላው ተበልቶ ትሪው ከተነሣ በኋላ፣ ጠጅ ጣይዋ እጇን አጨበጨበች።

«ስሙኝማ። አንድ ነገር እያንገበገበኝ ነው። እዚህ ቤት መድኃኒት የያዘ አለ፣ ባዶ የያዘ አለ። እኔ መድኃኒቱን ይዤ፣ ይቺ አጠገቤ የምትተኛው ደግሞ ባዶውን ይዛ ይሆናል። ምሳ ሲሆን ጉረሺ፣ ጉረሺልኝ እላታለሁ። ጠብታው ሲሆን ግን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ለብቻዬ ጠብ አደርጋለሁ። ይህ ምን የሚሉት ሰውነት ነው?»

 ብዙዎቹ ይህንኑ ሲያስቡ ከርመዋል።

«እንዲህ እናድርግ» አለች። ከጓዟ ውስጥ አንድ ብርሌ አወጣች፤ ጠጅ ጣይ ሆስፒታልም ብትገባ ብርሌዋን አትተውም። «በፈላ ውኃ አጥቤዋለሁ። ሁላችንም ጠብታችንን እንገልብጥበት። ይቀላቀል። ከዚያ እኩል እንቃዳው። ለሁላችንም ትንሽ ትንሽ ይደርሰናል። ባዶ እጁን የሚቀር አይኖርም።»

አሁን ፍረጂ፣ ልጄ። ከዚህ የበለጠ ደግ ሐሳብ ሰምተሻል? ዓይኑ እየጠፋ ያለ ሰው፣ የሚያድነውን ነገር በእጁ ይዞ፣ ላጠገቤ ይድረስ ብሎ ሲገለብጥ። ሌላ አገር ቢሆን የያዘውን ይደብቅ ነበር። እነሱ ግን ያደጉት ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባሉ አልነበረም፤ ብቻውን የበላ ሰው አይደለም እየተባሉ ነበር እንጂ። ባልቴቷ ዕንባዋን ጠረገች። ጋሪ ነጂው ጠርሙሱን ከኪሱ አወጣ።

«መጀመሪያ የሚከፍቱት ግን ጋሼ ናቸው» አለ ወደ ባለጸጋው ዞሮ። «እርስዎ ሳይጀምሩ ማን ይጀምራል?»

ባለጸጋው ተነሣ። ያ ጠብታ ከጋቢው ሥር እንደ ተሰረቀ ዕቃ ሲከብደው ከርሞ ነበር፤ አሁን ለሰው ሊያካፍለው ነው። ደረቱ ተነፋ። የጠርሙሱን ክዳን ፈታ። ጠጅ ጣይዋ ብርሌዋን ወደሱ ዘረጋች። ባለጸጋው ሳያስበው፣ ዕድሜ ልኩን እንዳደረገው፣ ወደ በሩ ዘወር አለና ጠየቀ።

«የቀረ አለ?»

«የለም፣ ሁላችንም አለን» አሉት።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከበሩ ማዶ የሆስፒታሉ ግቢ ነበር። በቀረችው ዓይኑ የሚያየው ብዥታ ቢሆንም፣ በግቢው ውስጥ ተሰልፈው የቆሙ ጥላዎች ታዩት።

«እነዚያ እነማን ናቸው?»

«እነሱማ የኛ አይደሉም» አለ ጋሪ ነጂው። «ዛሬ የመጡ ናቸው። ገና ካርድ እያወጡ ነው።»

«ምናቸውን አሟቸው?»

«ዓይን ሆስፒታል ጥርሱን አሞት የሚመጣ አለ?»

ባለጸጋው ጥላዎቹን ትኩር ብሎ አየ። ፊታቸውን አልለየም። ከኋላቸው ሌሎች ወደ በሩ ሲገቡ አየ። ክዳኑን መልሶ አጠበቀና ጠብታውን ወደ ጋቢው ከተተው።

«እንግዲያው የቀረ አለ» አለ። «አላዋጣም።»

ይህን ያለ ጊዜ ቤቱ ውስጥ የወረደው ዝምታ ክብደቱ ጣራውን አጎበጠው ይባላል። ከዚያ ጋሪ ነጂው ተናገረ።

«ስስታም።»

ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ፣ በባለጸጋው አገር ያሉት ንቦች በሙሉ ማር መሥራት አቁመው ተያዩ። ጠጅ ጣይዋ ብርሌዋን እንደዘረጋች ቀረች። ባልቴቷ አቀረቀረች። ባለጸጋው ፊቱ ደም መሰለ። ይህን ስድብ የተሰደበው በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር፤ ሰዳቢው ደግሞ ገና አሁን ከአንድ ትሪ አብሮት የበላ ሰው ነው።

«ይሁን» አለ። «ለዛሬ ስስታም በሉኝ። ግን አንድ ነገር መልሱልኝ። ይህን ብናቀላቅለው ነገ ሐኪሟ ዓይናችንን ስታይ ምን ታገኛለች? ሁላችንም አንድ ዓይነት እንሆንባታለን። ማንን ከማን ታስተያያለች? ጠብታው ይርባ አይርባ ሳታውቅ ትቀራለች። ሳታውቅ ደግሞ ለነዚያ አትሰጣቸውም።» እጁን ወደ በሩ ዘረጋ። «ለኛ ለዚህ ቤት ሰዎች እናካፍል ብላችሁ ነው። ደግ ነው። ግን በሩ ላይ የቆመ ሰው እያየሁ ቆርሼ አላውቅም። እኛ ይህን ዛሬ ብንቃዳው ማዕዱን ጨርሰን በሩን ዘጋንባቸው ማለት ነው። ያን ጊዜ ነው ብቻችንን የምንበላው።»

«በአፍ ያምራል» አለ ጋሪ ነጂው። «የያዝከው መድኃኒቱ መሆኑን ስላወቅህ ነው። ድርሻህ እንዳያንስብህ ነው።» እርስዎ ማለቱን ትቶ አንተ እንዳለው ሁሉም ሰማ።

 ባለጸጋውን መሐላ እንኳ አይረዳውም፤ ምን እንደያዘ ራሱም አያውቅም።

መልስ የሰጠችው ጠጅ ጣይዋ ናት። ብርሌዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ተወው አንተ። እውነቱን ነው። እኔ አዲስ ጌሾ ከሌላ አገር ሲመጣልኝ ምን አደርጋለሁ? አንዱን ጋን በዱሮው ጌሾ፣ አንዱን በአዲሱ እጥላለሁ። ፈልቶ እስኪደርስ አላገናኛቸውም። መሀል ላይ ባደባልቃቸው ቀምሼ ምኑን እለያለሁ? የሐኪሟ ጋኖች እኛ ነን።»

«እኔስ የትኛው ጋን ነኝ?» አለ አንዱ ከጥግ።

«አንተ ገና ያልታጠብከው ነህ።»

ሳቅ መጣ፤ ቤቱም ተነፈሰ። ጠርሙሶቹ አንድ በአንድ ወደየኪሱ ተመለሱ። ጋሪ ነጂው ግን አልሳቀም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትሪው ሲቀርብ ከባለጸጋው ራቅ ብሎ ይቀመጥ ጀመር። ባለጸጋው ሲያጎርሰው አፉን ይዘጋል። ጉርሻው ተመልሶበት የማያውቅ ሰው፣ ቤቱ ሰው የማያጣው ያ ባለጸጋ፣ የተዘረጋ ጉርሻውን መልሶ ራሱ እየበላ ከረመ። ከዓይኑ ይልቅ ይህ ነበር ያመመው። ቢሆንም ጠብታውን አልሰጠም፤ ጥናቱንም ጥሎ አልሄደም።

ጠጅ ጣይዋ በማግስቱ ነገሩን ሁሉ ለሐኪሟ ነገረቻት። ሐኪሟ መጀመሪያ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ ረጅሙ ቤት መጥታ፣ እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲመጣባቸው ሳይጨነቁ እንዲነግሯት፣ ብርሌም ቢታጠብ ለዓይን የማይሆን ቆሻሻ እንደማያጣ፣ ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። ባለጸጋውን ምንም አላለችውም። ስትወጣ ግን ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችው።

ክረምቱ ወጣ። በሌሎች ከተሞችም ጠብታውን የሚሞክሩ ሰዎች ነበሩና የሁሉም ውጤት ተሰብስቦ ታየ፤ ዕጣውም ተገለጠ። ሐኪሟ የረጅሙን ቤት ሰዎች ጠርታ ሰበሰበቻቸው።

«ጠብታው ይረዳል» አለቻቸው። «ተአምር አይደለም። ሁሉንም አላዳነም። ግን በዱሮው መድኃኒት ብቻ ከታከሙት ይልቅ፣ አዲሱ ከተጨመረላቸው ብዙ ሰዎች ተሽሏቸዋል። ይህን ዛሬ አፋችንን ሞልተን መናገር እንችላለን።»

ከዚያ ለእያንዳንዱ የያዘውን ነገረችው። ባልቴቷ አዲሱን ይዛ ነበር። ጠጅ ጣይዋ፣ ሲገባ ይቀዘቅዛል ያለችው፣ ባዶውን ይዛ ነበር፤ «ታዲያ ምኑ ነው የቀዘቀዘኝ?» ብላ ሰውን አሳቀች። ጋሪ ነጂው አዲሱን ይዞ ነበር። ዓይኑ ጠርቶለት የፈረሱን ጆሮ ከሩቅ መለየት ጀምሯል።

ባለጸጋው ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የእርስዎ ባዶው ነበር፣ አባቴ።»

ሁሉም ወደሱ ዞረ። እንደኔ ያለ ሰው ባዶ ደርሶት አያውቅም ሲል ሰምተውታል። አሁን ምን ይሆን ብለው ፈሩለት። ግራ ዓይኑ ደግሞ ከመጣበት ቀን ይልቅ ደብዝዞ ነበር።

መጀመሪያ የተነሣው ጋሪ ነጂው ነው። መሀል ወለሉ ላይ መጥቶ ቆመ።

«ያን ቀን ብንገለብጠው ኖሮ» አለ፣ ቃሉ እየተቆራረጠ፣ «ከኔ መድኃኒት ተቀንሶ ለእርስዎ ይደርስ ነበር። ከእርስዎ ደግሞ ባዶው ለኔ። ስስታም ብዬ የሰደብኩዎት ሰው ድርሻዎን ለኔ ትተውልኝ ኖሯል።» ጉልበቱን ሊስም ጎነበሰ።

ባለጸጋው በክንዱ ይዞ ቀና አደረገው። እሱን ትቶ ወደ ሐኪሟ ዞረ።

«ልጄ፣ አንድ ልጠይቅሽ። የዚህ ልጅ መዳን፣ ጠብታው ያመጣው መሆኑ፣ በምን ታወቀ?»

«በእርስዎ» አለችው። «በእርስዎና በጠጅ ጣይዋ፣ ባዶውን ይዘው በቆዩት ሁሉ። እሱ ከእናንተ ጋር ተስተያይቶ ነው። እናንተ ባትኖሩ ኖሮ ዛሬም ‹ይመስለናል› ነበር የምንለው።»

 ባለጸጋው ጋቢውን አስተካክሎ ተጣጥፎ የነበረውን ወገቡን ሲያቀና፣ ሰውየው በዚያች ቅጽበት አንድ ክንድ ረዘመ። ያዩት ሁሉ ይህን ይምላሉ።

«ሰማችሁ?» አለ። «በኔ ነው የታወቀው።»

በዚያው ቀን አዲሱ ጠብታ ለሱም ለጠጅ ጣይዋም ተጀመረላቸው፤ ሲገቡ የተባሉትም እንዲሁ ነበር። የሱ ግራ ዓይን መደብዘዙን አቆመ። ሙሉ በሙሉ አልጠራም። ግን ሰው ወደ ዳሱ ሲገባ ፊቱን ለይቶ በስሙ ይጠራ ነበር፤ እሱ ደግሞ የለመነው ይህችኑ ነው። ያች እንደ እንቁላል የነጣች ቀኝ ዓይኑ እንደነጣች ቀረች። እንግዳ ሲመጣ ግን ባለጸጋው የሚያዞርለት እሷን ነበር፤ ኒሻን ደረቱ ላይ ያለ ሰው ደረቱን እንደሚያዞር። ያች ከሆስፒታሉ ጋር ጉዳይ የሌላት፣ ሞራ ነው ብሎ ሲጠብቅ የጠፋችበት ዓይን መሆኗን ሚስቱ ብታስታውሰውም አልሰማትም። «ዓይኔን ያየ ሁሉ ስለ ግራው ይጠይቀኛል፤ ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ» ይላት ነበር። ይነግራቸውም ነበር። ስለ ማሩና ስለ እህሉ መኩራቱን ትቶ፣ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ስንቱን እንዳበላ ሲያወራ የአገሩ ዶሮዎች መጮህ ትተው ያዳምጡት ነበር።

እንግዲህ ወዳንቺ ልዙር፣ ልጄ።

ያ በር ላይ የቆመው ጥላ ነገ በሽታሽ የሚይዘው ሰው ነው። ምናልባት ጎረቤትሽ ነው፣ ምናልባት ገና አልተወለደም። ጠርሙሱ ያንቺ ነው። ባለጸጋውም እሺ ካልሽ አንቺ ነሽ።

ጎረቤቶችሽ መሞከሪያ ሊያደርጉሽ ነው ማለታቸውን አትቀየሚ፤ ስለሚወዱሽ ነው። ግን መሞከሪያ ማለት ዕቃ ነው። ዕቃ ፈቃዱን አይጠየቅም። እሺ አይልም፣ እምቢም አይልም፣ መሀል ላይ በቃኝ ብሎ ተነሥቶ አይሄድም። አንቺን ግን ጠየቁሽ። የተጠየቀ ሰው ዕቃ አይደለም።

ስለዚህ ዝም ብለሽ ግቢ አልልሽም። ሄደሽ አንቺም ጠይቂያቸው። የታወቀው መድኃኒት አይቀርብኝም ወይ በያቸው። አዲሱ ምን ጉዳት ሊያመጣብኝ ይችላል፣ ዓይኔ ቢብስበት ማን ቶሎ ያየኛል፣ ከረዳ ለኔም ይደርሰኛል ወይ፣ ልተው ብል ትለቁኛላችሁ ወይ በያቸው። አድበስብሰው ከመለሱልሽ ቦርሳሽን አንሥተሽ ውጪ። ፊትሽን እያዩ ቀጥ አድርገው ከመለሱልሽና ልብሽ ካዘዘሽ ግን ግቢ። ከገባሽ በኋላ የሰጡሽን አታዋጪ፤ የሰውም አትቀበዪ።

ምን አተርፋለሁ ነበር ያልሽው። አዲሱ ደርሶሽ ዓይንሽ ቢጠራ፣ ትርፍሽን መስታወት ይነግርሻል፤ ለዚያ እኔ አላስፈልግሽም። ባዶው የደረሰሽ እንደሆነ ግን ይህን ያዢ፦ እንዲህ ያለ ሕመም ይዞት የሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ሐኪሙ ሳይጠራጠር «ይህን ጨምር» ብሎ የሚያዝለት፣ አንቺ አንድ ጊዜ ባዶ ይዘሽ በመቆየትሽ ነው። ስምሽን አያውቅም፤ አይቶሽም አያውቅም። ዓይኑ ግን ያያል። ያን ቀን ማንም እንዳያዝንልሽ፤ በገበያው መሀል አንገትሽን ቀና አድርገሽ ሂጂ።